ከክፍሉ ትንሹ የኔ ልጅ ነው፤ ምን ላድርግ?

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ምዝገባ ሲጀመር ስልኬ አያርፍም። «ልጄ ገና ሦስት ዓመት ከምናምን ነው፣ ነርሰሪ ላስገባው?» ትለኛለች አንዷ። ኅዳር ሲገባ ያችው እናት ትመለሳለች፤ «ሚሷ ወደ ኋላ ቀርቷል አለችኝ፣ ምን ይሻለኛል?» ሰኔ ላይ ደግሞ «ይድገም ወይስ ይለፍ?» ይመጣል። ኬጂ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። የራሴም ልጅ የጳጉሜ ልጅ ናት፤ ከክፍሏ ሁሉ ትንሿ እሷ ነበረች። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መመለሱ ስለከበደኝ አንዴ በቅደም ተከተል ልጻፈው ብዬ ነው።

መመሪያው ከነርሰሪ እስከ 2ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ነው። «እሱ» እያልኩ ብጽፍም ለሴቷም ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የልደት ሰርተፊኬት
- አንድ ተራ ደብተር፣ ለእናንተ ማስታወሻ
- እርሳስ፣ ለሁለት ተቆርጦ (ለምን እንደሚቆረጥ ከታች አለ)
- ተለጣፊ ጫማ እና ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ
- ልጁ ራሱ ሊከፍተው የሚችል ምሳ ዕቃ እና ኮዳ
- ትንሽ ሊጥ፣ አንድ ጭብጥ ያልተለቀመ ምስር፣ አምስት ጠጠር፣ ትሪ ላይ የሚነሰነስ ዱቄት
- ትዕግሥት። ይሄ ሱቅ የለም።

1. ዕድሜውን በወር ቁጠሩ

«አራት ዓመቱ ነው» ማለት ምንም አይነግረንም። ሰርተፊኬቱን አውጡና መስከረም 1 ላይ ስንት ወር እንደሚሞላው አስሉ። ለምሳሌ መስከረም 20 ቀን 2013 የተወለደ ልጅ መስከረም 1 ቀን 2018 ላይ 59 ወር ሞልቶታል። ነሐሴ 20 ቀን 2013 የተወለደው ደግሞ ገና 48 ወር ነው። ሁለቱም «አራት ዓመት» ተብለው አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ያለው 11 ወር ግን ትንሹ እስካሁን ከኖረው ዕድሜ ከአንድ አምስተኛ ይበልጣል። ያን ያህል ጊዜ ቀድሞ የሮጠ፣ ያወራ፣ እርሳስ የያዘ ልጅ አጠገቡ ተቀምጧል ማለት ነው። 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ያው 11 ወር አምስት በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ እያደር የሚጠበው ለዚህ ነው።

ከዚያ ሚሷን ወይም ዩኒት ሊደሩን ጠይቁ፤ «የክፍሉ ትልቁ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? አብዛኞቹስ?» የማንንም ስም አትጠይቁ፣ ዕድሜ ብቻ። የደገሙ ወይም ዘግይተው የገቡ ልጆች ካሉ ልዩነቱ ከዓመት ሊበልጥ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አስታውሱ። በአገራችን የትምህርት ፖሊሲ 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ብዙ የግል ትምህርት ቤት ግን ነርሰሪ በ3 ዓመት ስለሚቀበል ልጁ ኤልኬጂና ዩኬጂን ጨርሶ 1ኛ ክፍል ሲደርስ ገና 6 ነው፤ አንዳንዱ 6 እንኳ አልሞላውም። ትንሽ የሆነው ልጁ ዘግይቶ እንዳልሆነ፣ ብዙ ጊዜ እኛ ቸኩለን እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ የሚጠበቅበትን ቀን ቁጠሩ። ጥቅምት ላይ ይጠበቅ የነበረ ልጅ ነሐሴ ላይ ከተወለደ፣ በጊዜው ቢመጣ ኖሮ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ነበር።

ጥንቃቄ፦ ሰርተፊኬቱ ላይ የኢትዮጵያም የፈረንጅም ቀን አለ። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ። ከሁለቱ ቀላቅሎ ያሰላ አባት ልጁን ሰባት ዓመት ጨምሮበት አብረን ስቀናል።

ውጭ አገር ላላችሁ ዕድሜው የሚቆጠርበት መቁረጫ ቀን ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለኪንደርጋርተን ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት መሙላት አለበት፣ ሜሪላንድ ውስጥ እስከ ሴፕቴምበር 1። ሴፕቴምበር 15 የተወለደ ልጅ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ቢኖር ከክፍሉ ትንሾች አንዱ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ቢኖር ዓመት ጠብቆ ከትልልቆቹ ጋር ይመደባል። ልጁ ያው ልጅ ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ከኤፕሪል 1 እስከ ኦገስት 31 ለተወለደ ልጅ ዓመት እንዲዘገይ መጠየቅ እንደሚቻል እወቁ።

2. የዕድሜ የሆነውንና ያልሆነውን ለዩ

ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ደብተሩ ላይ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። ዛሬ ምን አቃተው? ስንት ሰዓት ላይ? ተኝቶ ነበር ወይስ ደክሞት? ይህን ሳትጽፉ ብታወሩ ሁሉም ነገር «ሰነፍ ነው» በሚል አንድ ቃል ይጠቀለላል።

በዕድሜ የሚመጡት እነዚህ ናቸው፦ ፊደሉ ከመስመር ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ይነጫነጫል። «ደብተርህን አውጣ፣ ገጽ 12 ግለጥ፣ ቀን ጻፍ» ሲባል የመጀመሪያውን ሠርቶ ሌላውን ይረሳል። ሹራቡን ጥሎ ይመጣል። በር ላይ ያለቅሳል። ለመመዘኛ ያህል፣ የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣው የዕድገት ዝርዝር 5 ዓመት ከሞላው ልጅ የሚጠበቀው ትኩረት በአንድ ሥራ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው፤ ስልክና ቲቪ አይቆጠርም። አራት ዓመት ከጥቂት ቀን የሆነው ልጅ 40 ደቂቃ ሙሉ ካልተቀመጠ ታዲያ ምን ይገርማል?

በዕድሜ የማይመካኙት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ከኋላው ስትጠሩት አይዞርም። ቲቪ ካልተጠጋ አያይም። አራት ዓመት ሞልቶት ሌላ ሰው ንግግሩን አይረዳውም። ከማንም ልጅ ጋር ጭራሽ አይጫወትም። በፊት የሚላቸው ቃላት ጠፉበት። ከእነዚህ አንዱ ካለ «ሲያድግ ይተወዋል» ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያው ሳምንት ጤና ተቋም ውሰዱት፣ ጆሮና ዓይኑን አስመርምሩ።

ይህን መለየት ለምን እንደሚጠቅም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ የትምህርት መግቢያው መቁረጫ ዲሴምበር 31 ነው። በፈረንጆች 2012 በወጣ ጥናት፣ ዲሴምበር ላይ የተወለዱ ወንዶች ጃንዋሪ ላይ ከተወለዱት ይልቅ «ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር አለባቸው» የመባል ዕድላቸው በ30 በመቶ፣ የሴቶቹ በ70 በመቶ በልጦ ተገኘ። ብዙዎቹ ከክፍሉ ትንሾች ስለነበሩ ሳይሆን አይቀርም እንደዚያ የታዩት። ስለዚህ ማንም ሰው ለልጃችሁ እንዲህ ያለ ስም ሲያወጣለት የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ከስንት ወር ልጅ ጋር አወዳድራችሁት ነው?» ይሁን።

3. እጁን አጠንክሩ፣ ፊደል ከዚያ ይመጣል

ትንሽ ልጅ ሲጽፍ የሚቸገረው አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉ ጠፍቶት አይደለም፤ ጣቱ ደክሞት ነው። «ለ»፣ «ሉ» እና «ሊ»ን እስኪ አስተያዩ። «ሉ» ቅጥያዋ ቀኝ እግሯ ወገብ ላይ ናት፣ «ሊ» እግሯ ሥር። ለእኛ ግልጽ ነው። የ48 ወር እጅ ግን ያቺን ትንሽ ሰረዝ ወገብ ላይ ልትጀምር ስትሞክር ተንሸራታ ሥር ትደርሳለች፣ ሚሷም ኤክስ ታደርግበታለች። ልጁ ሉን ያውቃታል፣ ስትጠሩለትም ይጠቁማታል። እጁ ነው ያልደረሰባት። ይህ ዓይነት ነገር በ231 ፊደል ላይ ሲደጋገም አስቡት።

በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እንዲህ አድርጉ፦

ሊጥ ስታቦኩ ድርሻውን ስጡት፣ ይጨምቅ፣ ያድቦልቡል። ምስር ይልቀም፤ አንድ ጭብጥ ይበቃል። ቅልልቦሽ አስተምሩት፣ መጀመሪያ በትልልቅ ጠጠርና በአንድ ብቻ። ልብስ ስታሰጡ መቆንጠጫውን እሱ ያድርግ። እነዚህ ሁሉ እርሳስ የሚይዙትን ሦስት ጣቶች ነው የሚያሠሩት።

ከዚያ ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሳችሁ ፊደሉን በጣቱ ይሳል፣ ተልቅ አድርጎ። ሲበላሽ ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ነው፣ ኤክስ የለም፣ ላጲስ የለም። በሳምንት ሁለት ፊደል ይበቃል።

እርሳሱን ለሁለት የምትቆርጡት አጭር እርሳስ በጡጫ ስለማይያዝ ነው። ልጁ ሳይነገረው በጣቱ ጫፍ ይይዘዋል። ደግሞ ሲጠፋም ግማሽ ነው የጠፋው።

ጥንቃቄ፦ ጠጠርና ጥሬ እህል አፉ ውስጥ ወይም አፍንጫው ውስጥ የሚከት ልጅ ካላችሁ፣ ወይም ታናሽ እህት አጠገቡ የምትድህ ከሆነ፣ ጥላችሁ አትሂዱ።

4. የምሳ ዕቃ ፈተና

በዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ሰው የሚንቀው ደረጃ ነው።

ልጄ ነርሰሪ በገባች ሰሞን ምሳ ዕቃዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደሄደ ይመለስ ነበር። ፍርፍር ሠራሁ፣ ፓስታ ሠራሁ፣ ሩዝ በካሮት ሠራሁ። ምንም። ማታ ቤት ስትገባ ግን እንደ ተኩላ ትበላለች። አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን ሳሎን ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ «ክፈቺ» አልኳት። ሁለቱን መቆለፊያ በሁለት አውራ ጣት እኩል መግፋት ይፈልጋል። አንዱን ትከፍታለች፣ ሁለተኛውን ስትሄድበት የመጀመሪያው ተመልሶ ጠቅ ይላል። አራት ጊዜ ሞከረች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ተቀመጠች። ለካ ትምህርት ቤትም የምታደርገው ይህንኑ ነው። ሞግዚቷን መጥራት አፍራለች፣ አጠገቧ ያሉት ልጆች ራሳቸው ነው የሚከፍቱት። እኔ አስተማሪ ሆኜ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ትምህርት ሳይጀመር ቅዳሜ ቀን ዩኒፎርሙን አልብሱት። መሬት ላይ ይቀመጥ። እናንተ ራቅ ብላችሁ ሰዓት ያዙ፣ አትንኩት፦

ቦርሳ መክፈት፣ ምሳ ዕቃ መክፈት፣ መብላት፣ ኮዳውን ከፍቶ ጠጥቶ መዝጋት። ሱሪ ዝቅ አድርጎ ሽንት ቤት መጠቀም፣ መታጠብ። ጫማ አውልቆ ማድረግ። ሹራቡን ገልብጦ ማስተካከል።

የተቸገረበትን ነገር መጀመሪያ ቀይሩ፣ ከዚያ አስተምሩ። ማሰሪያ ጫማ በተለጣፊ፣ ቀበቶ በላስቲክ፣ ጠንካራ ምሳ ዕቃ በቀላል። ማሰር በኋላ ይለምዳል። ምሳውንም በአንድ ጉርሻ ልክ አድርጋችሁ ቋጥሩ፤ ቀስ ብሎ የሚበላ ልጅ ደወል ሲደወል ግማሹን ነው የሚተወው። የራበው ልጅ ደግሞ ከሰዓት ምንም አይሰማም፣ ሚሷም «አያዳምጥም» ብላ ትጽፋለች።

5. እንቅልፉን ከሰርቪሱ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀን እንቅልፉ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ከ6 ዓመት በላይ ከ9 እስከ 12። ሰርቪስ 12፡45 ላይ የሚመጣ ከሆነ 12 ሰዓት ላይ ይነሳል። ዝቅተኛውን 10 ሰዓት እንኳ ለማግኘት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተኝቶ መሆን አለበት። ተኝቶ ነው ያልኩት፣ አልጋ ላይ እየዘለለ አይደለም። ትልልቆቹ የክፍል ጓደኞቹ የቀን እንቅልፍ ትተው ይሆናል፣ እሱ ገና ያስፈልገዋል፤ ከትምህርት ቤት ሲመጣ 40 ደቂቃ ይተኛ፣ ሆምወርክ ከዚያ በኋላ። ማታ ድራማ እስኪያልቅ አብሮ የሚያመሽ ከሆነ ሌላው ደረጃ ሁሉ ከንቱ ነው።

6. ሚሷን በትክክል አነጋግሩ

ጠዋት በር ላይ አትያዟት። ሠላሳ ልጅ እየተቀበለች ነው፣ አዎ አዎ ብላ ትሄዳለች። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ቀጠሮ ጠይቁ። እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉ ይበቃል፦

«ሚስ፣ እንደምን ሰነበቱ። ልጄ መስከረም 1 ላይ ገና 48 ወሩ ነበር፣ ከክፍሉ ትንሽ ከሚባሉት መሆኑን ተረድቻለሁ። በዚህ ሳምንት በሚመችዎ ቀን 10 ደቂቃ ላገኝዎት እፈልጋለሁ። አመሰግናለሁ።»

ስትገናኙ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ፊት ወንበር እንዲቀመጥ፣ ትዕዛዝ አንድ አንድ እየተደረገ እንዲነገረው፣ ምሳ ላይ ትንሽ ቀድሞ እንዲጀምር። ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም፣ ለእሷም አይከብዱም፣ ስለዚህ ታደርጋቸዋለች። «ከበድ ያለውን ፈተና ይዝለል» ወይም «ማርክ ይጨመርለት» አትበሉ። ምን እንደሚችልና እንደማይችል እንዳታውቁ ያደርጋችኋል፤ ሰኔ ላይ ስትወስኑ ደግሞ ትክክለኛው ውጤት ያስፈልጋችኋል።

7. ትልቅ የሚሆንበት ቦታ ፈልጉለት

ሙሉ ቀን ትንሹ የሆነ ልጅ፣ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ እንኳ ሁልጊዜ «ሕፃኑ» እሱ ነው፤ ይታዘላል፣ ይታዘዛል። በሳምንት ሁለት ቀን ከእሱ ከሚያንስ የጎረቤት ልጅ ወይም የአክስት ልጅ ጋር ይጫወት። ሰኞ ማክሰኞ ያስተምረው። ተራ ማስያዝን፣ መሪ መሆንን እዚያ ይለማመዳል፣ ክፍል ውስጥ ግን ዕድሉን አያገኝም። «ሚጢ» ብላችሁ የምትጠሩት ከሆነ ስሙ ቤት ይቅር። ትምህርት ቤት በር ላይ ከተሰማ በማግስቱ ክፍሉ ሁሉ ይጠራበታል።

8. ሰኔ ላይ ወስኑ

ይድገም ወይስ ይለፍ? እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማየው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። 1ኛ ክፍል በ5 ዓመቱ የገባ ልጅ ሳይደግም ከሄደ 12ኛን የሚጀምረው በ16 ዓመቱ ነው። ከዚያ ምደባ ጎንደር ወይም ጅማ ቢደርሰው፣ በሕግ ለአካለ መጠን የሚደርሰው በ18 ስለሆነ ገና ልጅ ሆኖ ነው አውቶቡስ የሚሳፈረው። ስለዚህ መስከረም 1 ላይ 6 ዓመት የማይሞላውን ልጅ እኔ 1ኛ ክፍል አላስገባም። ሌላ ምክንያት አልፈልግም።

6 ሞልቶ 7 ያልሞላው ከሆነ ደብተራችሁን ግለጡ። መስከረም ላይ ያልቻለውን ሰኔ ላይ ከቻለ፣ ምሳውን ከጨረሰ፣ አንድ ጓደኛ ካለው፣ ጠዋት ሳያለቅስ ከሄደ ይለፍ፤ ከክፍሉ ጫፍ ላይ ቢሆንም ይለፍ። ለውጥ ከሌለ፣ ሆዴን አመመኝ እያለ የሚቀር ከሆነ ይቆይ።

የሚቆይ ከሆነ ከዩኬጂ ወደ 1ኛ በሚሻገርበት ላይ ይሁን። ከተቻለም ትምህርት ቤት በሚቀይርበት ዓመት፣ ምክንያቱም ጓደኞቹ አልፈው እሱ እዚያው ኮሪደር ላይ ሲቀር «ወደቅክ» የሚለው አይጠፋም። ከ2ኛ ክፍል በኋላ ማስደገም በጣም ከባድ ነው፣ ልጁ ሁሉን ያውቃል።

ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ ቶሎ እንዲገባ ብላችሁ የልደት ቀን አትለውጡ። ሐሰተኛ ሰነድ ወንጀል ነው። ከዚያም በላይ ያ ቀን ፋይዳ ላይ፣ ፓስፖርት ላይ፣ የፈተና ምዝገባ ላይ ይከተለዋል። ማስተካከያው ዓመት ከመቆየት የበለጠ ሊያደክም ይችላል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

«ስንተኛ ወጣ?» ብሎ መጠየቅ። 30 ልጅ ባለበት ክፍል ትንሹ 24ኛ ቢወጣ ደረጃው የሚናገረው በከፊል ስለ ልደት ቀኑ ነው። ካለፈው ሴሚስተር የራሱ ካርድ ጋር አስተያዩት።

ሆምወርኩን መሥራት። የእናት ጽሑፍ ከአምስት ሜትር ይታወቃል፤ አስተማሪዎች ሻይ ቤት እንስቅበታለን። ልጁ ግማሹን ከሠራ ግማሹን ባዶ ተዉትና «እስከዚህ ነው የቻለው፣ 15 ደቂቃ ፈጀበት» ብላችሁ ጻፉ። ለሚሷ ከተሞላው ገጽ ይልቅ ያ ዓረፍተ ነገር ነው የሚጠቅማት።

ከትምህርት በኋላ አስጠኚ መቅጠር። የደከመ ልጅ ላይ ሌላ ሰዓት መጨመር ነው። በዚያ ብር የቤት ሞግዚቷ ቀድማ እንድትመጣና እንድታስተኛው አድርጉ።

ታላቅ ወንድሙን ምሳሌ ማድረግ። ታላቁ የጥቅምት ልጅ ከሆነ ደግሞ ውድድሩ ገና ከመነሻው ፍትሐዊ አይደለም።

እሱ እየሰማ «እሱ እኮ ትንሽ ስለሆነ ነው» ማለት። ይሄን ለሚሷ ብቻ ንገሯት። የኔዋ በሁለተኛው ወር ምንጣፍ ላይ ጭማቂ ደፍታ «ትንሽ ስለሆንኩ ነው» አለችኝ፤ መጥረጊያውን ሰጠኋት።